ዓይን ሲወጋ ምን ይደረጋል? ከአደጋው ደቂቃ እስከ ቀዶ ሕክምናውና እስከ እይታው መመለስ

ኮብልስቶን የሚጠርብ ወጣት መሮውን ሲመታ የብረቱ ጫፍ ተሰብሮ ይፈናጠራል። እረኛ ግራር ሲቆርጥ ቅርንጫፉ ተመልሶ እሾሁ ዓይኑ ላይ ያርፋል። ልጅ እርሳስ ይዞ ሲሮጥ ይወድቃል። ጋራዥ የሚሠራ ልጅ «የሆነ ነገር ገባብኝ» ብሎ ዓይኑን አሸት አሸት ያደርግና ሥራውን ይቀጥላል።

እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ሰፈሩ ይጮሃል፤ «ዓይኑ ፈሰሰ!» ይባላል፤ ከዚያ ሁሉም የመሰለውን ያደርጋል። አንዱ ውኃ ያመጣል፣ አንዱ በነጠላ ጫፍ ይጠርጋል፣ አንዱ ደግሞ «ምንም ተስፋ የለውም፣ ነገ እንወስደዋለን» ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የተበሳ ዓይን ሁሉ የጠፋ ዓይን አይደለም። በጊዜ ከተሰፋ ዓይኑ ሊተርፍ ይችላል፣ ብዙዎችም ጠቃሚ እይታ ይመለስላቸዋል።

ሐኪሙ ቀዳዳውን ይሰፋል። እይታው የት እንደሚደርስ በመወሰን ግን ከስፌቱ በፊት ያሉት ሰዓታትና ከስፌቱ በኋላ ያሉት ወራትም ትልቅ ድርሻ አላቸው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ በአብዛኛው በቤተሰብ እጅ ናቸው። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ቤተሰብ ነው።

1. መበሳቱን መለየት

አንዳንዴ በግልጽ ይታያል። ጥቁሩ ክፍል መሃል ያለው ክብ ቀዳዳ፣ ብሌኑ፣ ክብነቱን ትቶ ወደ አንድ ጎን ሾጠጥ ይላል፣ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ይይዛል። ወይም ከዓይኑ ላይ ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ነገር ብቅ ብሎ ይታያል። ይህን ብዙ ሰው ቆሻሻ ይመስለውና ሊያወጣው ይሞክራል። እባካችሁ አትንኩት፤ እሱ የዓይኑ የራሱ አካል ነው፣ ለዓይናችን ቀለም የሚሰጠው አይሪስ የሚባለው ክፍል ተጎትቶ ወጥቶ ነው።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ነጩ ክፍል በደም ሊሸፈን ይችላል፣ ከመስታወቱ (ከጥቁሩ ክፍል ፊት ካለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ከኮርኒያው) ጀርባ ደም ሊጠራቀም ይችላል፣ እይታ በድንገት ይቀንሳል፣ ሞቅ ያለ ፈሳሽ ጉንጭ ላይ ሊወርድ ይችላል።

አታላዩ ጉዳት ግን ሌላ ነው። ብረት በብረት ሲመታ፣ ወይም ብረት ድንጋይ ላይ ሲያርፍ የሚፈናጠረው ስባሪ በጣም ትንሽና በጣም ፈጣን ነው። ዓይንን በስቶ ይገባና የገባበት ቀዳዳ ራሱ ይዘጋል። ሕመሙ ትንሽ ነው፤ ዓይኑ ትንሽ ቀላ ብሎ ደህና ይመስላል። ብረቱ ግን ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ በመዶሻ፣ በመሮ ወይም በግራይንደር ሥራ ላይ አንድ ነገር ዓይን ውስጥ ከገባ፣ ዓይኑ ደህና ቢመስልም የዓይን ሐኪም ይየው። «ይተወኛል» ብሎ መጠበቅ በኋላ በጣም ያስከፍላል።

2. የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

እዚህ ላይ የማይደረገው ከሚደረገው ይበልጣል።

አትጫኑት። ደሙን ለማቆም ብላችሁ በጨርቅ አትጫኑ፣ በጥጥ አትሸፍኑ፣ ሻሽ አጥብቃችሁ አትጠምጥሙ። ዓይን ውስጥ ፈሳሽና እንደ ጄል ያለ ነገር አለ፤ ቀዳዳ ካለ ትንሽ ጫና እንኳ ውስጡን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ልጁ ዓይኑን እንዳያሽ እጁን ያዙለት፣ አባብሉት፤ ልቅሶው ራሱ የዓይኑን ግፊት ይጨምራልና።

አትጠቡት። ውኃ፣ ወተት፣ ምንም ነገር አይግባበት። እዚህ ጋ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ አደጋው የኬሚካል ከሆነ፣ ማለትም ኖራ፣ ሲሚንቶ፣ በረኪና ወይም የባትሪ አሲድ ከገባ፣ ያኔ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ወዲያው በንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ማጠብ ያስፈልጋል። የተወጋ ዓይን አይታጠብም፣ ኬሚካል የገባበት ዓይን ሳይታጠብ አይንቀሳቀስም።

የተሰካ ነገር ካለ አትንቀሉ። እሾሁ፣ ሽቦው፣ መርፌው እንዳለ ይቆይ። ነቅላችሁ ስታወጡት ቀዳዳውን የደፈነውን ነገር ነው የምታነሱት፤ የዓይኑ ውስጥ ተከትሎት ሊወጣ ይችላል። የሚነቀለው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው።

ምንም ነገር አትጨምሩበት። የጡት ወተት፣ ቅቤ፣ የተጨመቀ ዳማከሴ፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠ የቴትራሳይክሊን ቅባት፣ ሁሉም ይቅር። ቅባት በተበሳ ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ሐኪሙም ውስጡን እንዳያይ ይጋርደዋል። ስለ ጠበልም ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው። እምነታችሁን ማንም አይነካም። ዓይኑ ውስጥ ግን አይግባ። ፀበል ተጠጥቶም ይባረካል፤ የዓይኑ ቀዳዳ እስኪዘጋና ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ፊት ላይ አይረጭ።

አሁን የሚደረገው። የወረቀት የቡና ኩባያ ፈልጉ። ከታች በኩል ሦስት ጣት ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡት። ኩባያ ከሌለ የፕላስቲክ ውኃ መያዣ ቂጡ ተቆርጦ ያገለግላል፣ ጠርዙን ግን በፕላስተር ለብጡት እንዳይቆርጥ። ይህን ዓይኑ ላይ ድፉት፤ ጠርዙ ላይ በኩል ቅንድቡ አጥንት ላይ፣ ታች በኩል ጉንጩ አጥንት ላይ ይረፍ። ዓይኑን ራሱን ምንም ነገር መንካት የለበትም። ከሥሩ ጥጥም ፋሻም አይግባ። ከዚያ በፕላስተር ከግንባር ወደ ጉንጭ ያዙት። የተሰካው ነገር ረጅም ከሆነ ኩባያውን ረዘም አድርጋችሁ ቁረጡ።

ሰውየው ጭንቅላቱን ከፍ አድርጎ ይቀመጥ ወይም ደገፍ ይበል። አያጎንብስ፣ ዕቃ አያንሳ፣ አፍንጫውን አይናፈጥ። ማስታወክ ከመጣ በጣም መጥፎ ነው፣ ጤና ጣቢያ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትጠይቁት የማስታወክ ማስታገሻ ይሁን።

ምግብና መጠጥ ይቁም። ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው በሙሉ ማደንዘዣ ነው የሚሠራው፤ የበላ ሰው ሰዓት መጠበቅ ይኖርበታል። እናት ልጇ እያለቀሰ ውኃ መከልከል እንዴት እንደሚከብዳት ይገባኛል። መንገዱ ረጅም ከሆነ በልጅ ጉዳይ የጤና ባለሙያው ይወስን፤ እናንተ መጨረሻ የበላበትንና የጠጣበትን ሰዓት በወረቀት ያዙ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ደም የመፍሰስ ዕድልን ስለሚጨምሩ ይቆዩ።

3. ወዴት፣ በስንት ሰዓት?

ግቡ በ24 ሰዓት ውስጥ መሰፋት ነው። ከዚያ በኋላ ዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን የመነሳት ዕድሉ እየጨመረ ይሄዳል፤ በተለይ የወጋው እሾህ፣ እንጨት ወይም አፈር የነካው ነገር ከሆነ። 24 ሰዓት ካለፈም ግን «አለቀ» ብላችሁ አትቅሩ። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን የመጣ ዓይን ይሰፋል።

ገጠር ከሆናችሁ ጤና ጣቢያ ጎራ ማለቱ ጥቅም አለው፣ ግን ለአጭር ጊዜ። የቴታነስ መርፌ፣ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ፣ የማስታወክ ማስታገሻና የሪፈር ወረቀት ይሰጧችኋል። ወረቀቱ ላይ አደጋው የደረሰበት ሰዓት ይጻፍ። ከዚያ ቀጥታ የዓይን ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል። አዲስ አበባ የምኒልክ ሁለተኛ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ፣ ጎንደርና ጅማ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎቹ የዓይን ሕክምና ማዕከል አላቸው። ከመነሳታችሁ በፊት የጤና ጣቢያው ባለሙያ ደውሎ ቀዶ ሐኪም መኖሩን ቢያረጋግጥ ብዙ መጉላላት ይቀራል። የወጋው ነገር ስባሪ ካለ በላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ብረት ይሁን መዳብ፣ እንጨት ይሁን መስታወት ማወቁ ሕክምናውን ይለውጠዋል።

4. ሆስፒታል ስትደርሱ

ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሳይገባ ጥቂት ነገሮች ይደረጋሉ፤ ለምን እንደሆነ ማወቁ ትዕግስት ይሰጣል።

የመጀመሪያው የእይታ ልኬት ነው። ፊደል ያነባል? ጣት ይቆጥራል? የእጅ እንቅስቃሴ ያያል? ብርሃን ይለያል? ቤተሰብ «ደም እየፈሰሰ ምን ያስነብቡታል?» ብሎ ይቆጣል። ይህ ቁጥር ግን ወደፊት ምን ያህል እይታ እንደሚመለስ ከሚጠቁሙት ነገሮች ሁሉ ዋነኛው ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከዚያ ሁለቱ ዓይኖች ላይ ባትሪ ተራ በተራ ይበራል። የዓይን ነርቩና ሬቲናው (ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) እየሠሩ መሆናቸውን በዚያ ያያሉ። በማይክሮስኮፑ ሲያዩት ደግሞ ብርቱካንማ ቀለም ጠብ አድርገው ፈሳሽ የሚሾልክበትን ቦታ ሊፈልጉ ይችላሉ። መበሳቱ ግልጽ ከሆነ የዓይን ግፊት አይለካም፣ መንካት ነውና።

ዓይን ውስጥ የቀረ ነገር አለ ተብሎ ከተጠረጠረ ሲቲ ስካን ይታዘዛል። ሲቲ ከሌለ ኤክስሬይም ብረትን ያሳያል። አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ብረት የገባበት ሊሆን የሚችል ሰው ኤምአርአይ ውስጥ አይገባም። የማሽኑ ማግኔት ብረቱን ዓይን ውስጥ ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። አንድ ሰው በስህተት ኤምአርአይ ካዘዘላችሁ «የብረት ሥራ ላይ ነው የተጎዳው» በሉ፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር ከመናገር አትፈሩ።

ፊርማ ሲጠየቅ ደግሞ ጠይቁ። ቀዳዳው የት ነው፣ መስታወቱ ላይ ወይስ ነጩ ላይ? ሌንሱ ተነክቷል? ውስጥ የቀረ ነገር አለ? ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይኖራል? የመጨረሻውን በተለይ ጠይቁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው አንዴ ተሰፍቶ ያለቀ መስሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ለሁለተኛው አይመለስም።

5. የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና

የዚህ ቀዶ ሕክምና ዓላማ ዓይኑን መዝጋት ነው። ማየት እንዲችል ማድረግ ብዙ ጊዜ ለሚቀጥለው ይተዋል። ቤተሰብ ፋሻው ሲነሳ ልጁ ወዲያው እንዲያይ ይጠብቃል፤ ሳያይ ሲቀር «አበላሹት» ይላል። አልተበላሸም፤ ገና መዘጋቱ ነው።

ሰውየው ይተኛል። ከዓይኑ አካባቢ መርፌ ወግቶ ማደንዘዝ ከጀርባ በኩል ጫና ስለሚፈጥር በአብዛኛው ሙሉ ማደንዘዣ ይመረጣል። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ ይጀምራል። ቀዳዳው የመስታወቱንና የነጩን ድንበር አቋርጦ የሄደ ከሆነ የመጀመሪያው ስፌት እዚያ ድንበሩ ላይ ይደረጋል፤ እሱ ከገጠመ ሌላው በቦታው ይገጥማል። መስታወቱ የሚሰፋበት ክር 10-0 ናይለን ይባላል፣ ከፀጉር የቀጠነ ነው፣ በባዶ ዓይን ማየት ያስቸግራል። ነጩ ክፍል ወፈር ባለ ክር፣ በ8-0 ወይም በ9-0 ይሰፋል። ነጩ ላይ ያለ ቀዳዳ ነጩን ከላይ ከሚሸፍነው ስስ ሽፋን ሥር ወደ ኋላ ሊቀጥል ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ሽፋኑን ዙሪያውን ከፍቶ መጨረሻውን ይፈልጋል።

ወጥቶ የነበረው አይሪስ ንጹሕና ሕያው ከሆነ ታጥቦ ወደ ቦታው ይመለሳል። የሞተ ወይም የቆሸሸ ከሆነ ተቆርጦ ይወጣል። ብዙ ሰዓት ውጭ የቆየው ደግሞ የመመለስ ዕድሉ ያንሳል፤ የምትዘገዩባት እያንዳንዷ ሰዓት እዚህ ላይ ዋጋ አላት። ጄሉ ወጥቶ ከሆነ ቀዳዳው ላይ ያለው ይቆረጣል፤ አይጎተትም፣ መጎተት ሬቲናውን ይዞ ይመጣል። የስፌቱ ቋጠሮዎች እንዳይቆረቁሩ ወደ ውስጥ ይቀበራሉ። በመጨረሻ ዓይኑ በፈሳሽ ተሞልቶ እንደማያፈስ ይፈተሻል።

እንደ ጉዳቱ ዓይነት ዓይኑ ውስጥ አንቲባዮቲክ በመርፌ ሊሰጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ ቫንኮማይሲንና ሴፍታዚዲም ናቸው።

6. ሁለተኛው፣ አንዳንዴም ሦስተኛው

ብረት ውስጥ ከቀረ መውጣት አለበት። የብረት ስባሪ ዓይን ውስጥ ሲቆይ ዝገቱ ቀስ በቀስ ሬቲናውን ይመርዛል፤ ንጹሕ መዳብ ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከባድ ቁጣ ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ስፌት ጋር ወይም ወዲያው በኋላ በማግኔት ወይም በቀጭን መቆንጠጫ ይወጣል። መስታወት አንዳንዴ ዓይኑን ሳያስቆጣ ሊቆይ ይችላል፣ መውጣት አለመውጣቱን ሐኪሙ ይመዝናል።

ሌንሱ ከተወጋ ውኃ ይገባበትና ይነጣል፤ በአደጋ የመጣ የዓይን ሞራ ማለት ነው። ሞራው ተወግዶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ዓይኑ ከተረጋጋ በኋላ። ይህ በእኔ እምነት ለቤተሰብ ጥሩ ዜና ነው፤ ልጁ የማያየው በሞራው ምክንያት ብቻ ከሆነ የሚስተካከል ነገር ነው።

ሬቲናው ከተላቀቀ ወይም ዓይኑ ውስጥ ደም ከሞላ ጄሉን የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና፣ ቪትሬክቶሚ፣ ይሠራል። ብዙ ሐኪሞች ከመጀመሪያው ስፌት በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መሥራትን ይመርጣሉ። ከዚያ ከዘገየ ዓይን ውስጥ ጠባሳ እየጎተተ ሬቲናውን ያጥፈዋል። የዚህ ቀጠሮ ቀን መቅረት የለበትም። እህል ሊታጨድ ነው፣ ለቅሶ አለብኝ፣ የትራንስፖርት ብር የለኝም፤ ሁሉም እውነት ነው፤ ግን ከዘመድም ተበድራችሁ ሂዱ።

በዚህ ቀዶ ሕክምና ማብቂያ ዓይኑ ውስጥ ዘይት ወይም ጋዝ ሊቀመጥ ይችላል። ዘይት ከሆነ ከወራት በኋላ ይወጣል። ጋዝ ከሆነ ራሱ ይጠፋል፤ እንደ ዓይነቱ ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ይቆያል። በዚህ ጊዜ አውሮፕላን መሳፈር ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ከፍታ ላይ ጋዙ ይለጠጥና ግፊቱ ዓይኑን ያጠፋዋል። መኪናም በአገራችን ያው ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ የተሠራ የደሴ ሰው በደብረ ብርሃን አድርጎ ጣርማ በር ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ቆላ ላይ ተሠርቶ ደጋ የሚሄድም እንዲሁ። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ የቤታችሁን መንገድ በየከተማው ስም ጠርታችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ሌላ ሆስፒታል ለሌላ ሕመም ማደንዘዣ የሚሰጣችሁ ከሆነም ዓይናችሁ ውስጥ ጋዝ እንዳለ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

7. ደህናውን ዓይን መጠበቅ

አንድ ዓይን ሲወጋ፣ አልፎ አልፎ፣ የሰውነት መከላከያ ደህናውን ዓይን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሊያጠቃው ይችላል። በጣም የሚያጋጥም አይደለም፣ ከመቶ ተጎጂ አንድ እንኳ አይሞላም። ሲመጣ ግን ሁለቱንም ያሰጋል። አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይታያል፤ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። የዓይነ ስውራንን ጽሕፈት የፈጠረው ሉዊ ብሬይል በሦስት ዓመቱ፣ በ1812 እ.ኤ.አ.፣ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት በወስፌ አንድ ዓይኑ ተወግቶ ቀስ በቀስ ሁለቱንም አጣ። ብዙ ሐኪሞች ይህ በሽታ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። በዚያን ጊዜ መድኃኒት አልነበረም፤ ዛሬ ስቴሮይድ አለ፣ በጊዜ ከተጀመረ ይሠራል።

ደህናው ዓይን ብርሃን ከጠላ፣ ከቀላ፣ ካመመ፣ ቅርብ ማንበብ ካቃተው በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ። ገብታችሁ መጀመሪያ የምትሉት «ሌላው ዓይኔ ተወግቶ ነበር» ይሁን።

ዓይኑ ምንም ብርሃን የማያይ፣ የተበጣጠሰና ተስፋ የሌለው ከሆነ ሐኪሙ እንዲወጣ ሊመክር ይችላል፤ በሽታውን ለመከላከል ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው የሚመረጠው። ቤተሰብ ለመወሰን ሲቸገር ይገባኛል። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ዓይን አይወጣም፤ መጀመሪያ ይሰፋል፣ ጥቂት ቀን ይታያል፣ ከዚያ ሕመምተኛው ራሱ ነቅቶ፣ ገብቶት፣ ይወስናል። ቢወጣም ሰው ሠራሽ ዓይን ይገባል፣ ቀለሙ ከሌላው ጋር ተመሳስሎ ይሠራል።

8. ቤት ውስጥ ያሉት ሳምንታት

ጠብታው ዋናው ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ ሦስት ዓይነት ይሰጣል፤ አንዱ አንቲባዮቲክ፣ አንዱ ቁጣ የሚያበርድ ስቴሮይድ፣ አንዱ ደግሞ ብሌኑን የሚከፍት አትሮፒን። እጅ በሳሙና ይታጠባል። የታችኛው ቆብ ሲሳብ ጣት ጉንጭ አጥንት ላይ ይረፍ፣ ዓይን ላይ አይደገፍ። አንድ ጠብታ ይበቃል። የጠርሙሱ አፍ ሽፋሽፍት አይንካ። በሁለት ዓይነት ጠብታ መካከል 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ አለዚያ ሁለተኛው አንደኛውን አጥቦ ያወጣዋል።

ስቴሮይዱን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ካለቀም በራሳችሁ ከፋርማሲ እየገዛችሁ አትቀጥሉ። በድንገት ሲቋረጥ ቁጣው ይመለሳል፤ ያለ ክትትል ሲቀጥል የዓይን ግፊት ከፍ ብሎ ነርቩን ይገድላል። ሁለቱም እይታ ያሳጣሉ።

ሌሊት መሸፈኛው ይታሰር፣ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት። የወቂያ ገለባ፣ የምድጃ ጭስ፣ የእጣን ጭስ ካለበት ራቅ ይበል። ፀጉር የሚታጠበው ወደ ኋላ ተጋድሞ ነው። ስግደት፣ ሶላትም ሆነ የጾም ስግደት፣ ግንባርን መሬት የሚያስነካ ስለሆነ ለጊዜው ተቀምጦ ይሁን፤ ለሕመምተኛ ሁለቱም እምነት ይፈቅዳልና ከአባት ወይም ከሼህ ጋር ተነጋገሩ። ጾም ላይም መድኃኒት አይቋረጥ።

ሳትውሉ ሳታድሩ የሚያስመልሱ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ መጨመር፣ የነበረው እይታ መውረድ፣ መግል፣ መብረቅ የሚመስል ብልጭታ፣ መጋረጃ የወረደ መምሰል። ክር ሲላላ ደግሞ አሸዋ የገባ ያህል ይቆረቁራል፤ የላላ ክር የኢንፌክሽን በር ነው፣ ቶሎ ይነሳ። ጤነኛው ክር በአዋቂ ከወራት በኋላ፣ በልጅ ግን ቶሎ ስለሚድን በሳምንታት ውስጥ ይወጣል።

9. እይታው ምን ያህል ይመለሳል?

ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ይህን ነው፤ ሐኪሙም የሚገምትበት መንገድ አለው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ከ2,500 በላይ የዓይን ጉዳቶች ላይ የተመሠረተ የነጥብ ሥርዓት አለ። በመጀመሪያው ቀን የነበረው እይታ መነሻ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ብርሃን የማያይ 60፣ ብርሃን ወይም የእጅ እንቅስቃሴ የሚያይ 70፣ እያለ በደንብ የሚያይ 100 ይደርሳል። ከዚያ ይቀነሳል፤ ዓይኑ በምት ፈንድቶ ከሆነ 23፣ ውስጡ ኢንፌክሽን ካለ 17፣ ስለቱ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ ከወጣ 14፣ ሬቲናው ከተላቀቀ 11፣ የነርቭ ምላሹ ከተዛባ 10።

አንድ ሰው የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ እያየ መጣ፣ ሬቲናውም ተላቋል እንበል። 70 ሲቀነስ 11፣ 59 ይሆናል። በዚያ ምድብ ካሉ 100 ሰዎች 15 ያህሉ ከስድስት ወር በኋላ 6/12 (ጤነኛ ዓይን በ12 ሜትር የሚያነበውን ፊደል በ6 ሜትር ማንበብ) ወይም ከዚያ የተሻለ ያያሉ፤ 28 ያህሉ ብርሃን እንኳ አያዩም፤ ሌሎቹ በመካከል ናቸው። ነጥቡ 92 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ግን ከመቶ 92 ዕድል አለው ጥሩ ለማየት። ይህ ግምት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ሐኪማችሁን «በነጥቡ የት ምድብ ነኝ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መብታችሁ ነው።

መመለሱ ቀስ እያለ ነው። ስፌቱ መስታወቱን ስለሚስበው መጀመሪያ ሁሉም ነገር ጠማማና ብዥ ይላል። ክሩ ሲወጣ ይሻሻላል። ከዚያ የመነጽር ልኬት ይወሰዳል፤ መነጽር ካልበቃ ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ጠማማውን መስታወት ያስተካክላል። ብዙ ሰው መነጽር ሳይሞክር «ዓይኔ አያይም» ብሎ ይኖራል፣ ይህ ያሳዝነኛል። ጠባሳው መሃል ላይ ከሆነና ከጀርባው ያለው ጤነኛ ከሆነ የመስታወት ንቅለ ተከላ አለ፤ የዓይን ባንክ ሰዎች በኑዛዜ የሚሰጡትን የሚሰበስበው ለዚህ ነው።

ልጅ ከሆነ ሌላ ሥራ አለ። ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ አንጎሉ ማየትን ገና እየተማረ ነው። የተጎዳው ዓይን ብዥ ካለበት አንጎል ይተወዋል፤ ቀዶ ሕክምናው የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ዓይኑ ሰነፍ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መነጽሩ ወዲያው ይደረጋል፣ ደህናው ዓይን ደግሞ በቀን የተወሰነ ሰዓት በፕላስተር ይሸፈናል፤ ለአንዱ ልጅ 2 ሰዓት፣ ለሌላው 6 ሰዓት፣ እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ። ልጁ ያለቅሳል፣ ይነቅለዋል፣ አያት «ደህናውን ዓይን ለምን ትሸፍኑበታላችሁ» ትላለች። አስረዷት። በተሸፈነበት ሰዓት ሥዕል ይቀባ፣ ምስር ይልቀም፣ ኳስ ይያዝ፤ ደካማው ዓይን የሚሠራው ሥራ ይፈልጋል።

10. ወደ ሥራና ወደ ኑሮ

በአንድ ዓይን የሚያይ ሰው ርቀት መገመት ለጊዜው ይቸግረዋል። ቡና ሲቀዳ ከሲኒው ውጭ ያፈሳል፣ ደረጃ ሲወርድ ይሳሳታል። የጀበናውን አፍ ሲኒው ጠርዝ ላይ አስነክቶ መቅዳት፣ ደረጃውን በእግር ጫፍ ፈልጎ መርገጥ፣ መንገድ ሲሻገር አንገትን ሙሉ ለሙሉ ማዞር፤ በጥቂት ወራት ይለመዳል። መኪና ወይም ሞተር ለመንዳት ግን ሐኪም ይፍቀድ።

ተወግቶ የዳነ ዓይን ከዓመታት በኋላም ግፊቱ ሊጨምር፣ ሬቲናው ሊላቀቅ ይችላል። በዓመት አንዴ ይታይ፤ ግፊት ይለካ፣ ብሌን ተከፍቶ ውስጡ ይታይ።

ወደ መሮውና ወደ ግራይንደሩ የሚመለስ ሰው ደግሞ የፀሐይ መነጽር አይበቃውም፤ የተራ መነጽር መስታወት ሲሰበር እሱ ራሱ ዓይን ይወጋል። ፖሊካርቦኔት የሚባለው፣ ከጎን የሚሸፍነው የሥራ መነጽር ይገዛ። ጭረት ሲበዛበት ይቀየር፤ ብዙ ሠራተኛ የሚያወልቀው ስለማይታየው ነውና። አጠገቡ የሚጠርበውም ያድርግ። ስባሪው የሚፈናጠረው መሮውን ወደያዘው ሰው ብቻ አይደለም።